ከጅቡቲ ሾልኮ የወጣው ጆይስቲክ

ጆይስቲክ ከፍቶ የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። እኔ በሳምንት አሥር እከፍታለሁ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ የረምዚ ጌም ቤት ተቀጥሬ የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ብሎኑን ፈትቶ፣ ክዳኑን አላቆ፣ በጥጥና በአልኮል መጥረግ። ውስጡ ያለውን ልናገር? የተላመጠ ጫት፣ ከላብ ጋር ቦክቶ አረንጓዴ ሊጥ የሆነ። የለስላሳ ስኳር። የጥፍር ቁራጭ። አንዴ ከቁልፉ ሥር የሰው ጥርስ ስባሪ አግኝቼ ምሳዬን አስመልሶኛል።

ስለዚህ አልማለሁ። አዲስ ኮንሶል ሊወጣ ነው ተብሎ ቴሌግራሙ ሁሉ ስለ ጆይስቲኩ ይገምታል። አንዱ ስክሪን ይኖረዋል ይላል፤ ሌላው እንደ ጨዋታው ይሞቃል ይላል። የሚሞቅ! ለጅቡቲ! እኔ ግምቴን ደብተሬ ላይ ሣልኩት፦ አንድ ወጥ፣ ባሕር እንዳለሰለሰው ጠጠር፣ ብሎን የሌለው፣ ስንጥቅ የሌለው። ቁልፎቹ ጣት ሲነካቸው ብቻ ብቅ ይላሉ። ቆሻሻ የሚገባበት አንድም ቀዳዳ የለም። ሦስት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ በስልኬ ቀለም ቀብቼ፣ ቁርጥ ፎቶ አስመስዬ አንድ ቻናል ላይ ለጠፍኩት። ስሜን ደበቅኩ። ከሥሩ፣ ቻናሎቹ እንደሚሉት፣ “ከጅቡቲ ሾልኮ የወጣ” ብዬ ጻፍኩ።

ለጌም ልጆች ሾልኮ የወጣ ማለት ወሬ ነው። ለወደብ ሰው ግን ከኮንቴይነር የተሰረቀ ዕቃ ነው። ይህን ዘነጋሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ደስታው ገባ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዶራሌ ወደብ የመጫኛ ተራው እስኪደርስ እኛ ጋ የኳስ ጌም ይጫወታል። እዚህ ከሚገቡት እጆች የማያስጠላኝ የሱ ብቻ ነው፤ ታጥቦ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ጆይስቲክ አልጠየቀም።

“ከይረዲን ጭነት ከለከለኝ” አለው ለረምዚ። “ባለፈው የጫንኩት የጌም ዕቃ ነበር። አሁን ይሄ ፎቶ ሲመጣ፣ ‘ሾልኮ የወጣው ካንተ መኪና ነው’ አለኝ።”

“ነው እንዴ?” አለ ረምዚ።

“አንተ ደግሞ! ሌባ እመስላለሁ?”

“አይ፣ ካለህ አንዷን ለኛ ብዬ ነው እንጂ።”

ወዲያው ከይረዲን ራሱ ተከትሎት ገባ። ለሾፌሮቹ ጭነት የሚያከፋፍለው ትራንዚተር ነው። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

“ወላሂ፣ ማኔቷን ካላመጣህ ከእንግዲህ ከኔ ጭነት አታገኝም!” አለ። ማኔት የሚለው ጆይስቲኩን ነው፣ በፈረንሳይኛ። ሲጮህ አረንጓዴ ፍንጣሪ ስልኩ ላይ በከፈተው የእኔ ሥዕል ላይ አረፈ። በመዳፉ አሸው።

ደስታው ግድግዳውን ተደግፎ ንጹሕ እጆቹን ያያል። እኔ ዝም አልኩ። ብናገር ይስቁብኛል ብዬ። ዝም ባልኩበት ደቂቃ፣ ያ ሁሉ ሊጥ ባለበት ቤት ከራሴ በላይ ያስጠላኝ ነገር አልነበረም።

“ጋሽ ከይረዲን... እኔ ነኝ የሣልኩት።”

“ምኑን?”

“ሥዕል ነው። ሾልኮ የወጣ የሚባለው እንዲያው የኢንተርኔት አባባል ነው። ዕቃው የለም።”

ረምዚ በሳቅ ፈረሰ። “ጀንበሬ? ይሄ ብሎን ፈቺ?”

ደብተሬን ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁ። ከይረዲን አውራ ጣቱን ላሰና ገለጠ። ላሰ፣ ገለጠ። በየገጹ ጥግ አረንጓዴ አሻራ ቀረ።

“ቻርጀሩ የት ይሰካል?” አለ በመጨረሻ።

“አይሰካም። ቀዳዳ የለውም።”

“ታዲያ ሲበላሽ በየት ይከፈታል? የገዛ እንጀራህን ነው የዘጋኸው፣ አንተ ጅል!” ስቆ ሲያበቃ ወደ ደስታው ዞረ። “ነገ ጠዋት ዶራሌ ና፣ ትጭናለህ።”

ከዚያ ዋናውን ገጽ፣ ቀለሙን የጨረስኩትን፣ ሳያስፈቅደኝ ቀደደው። ከኪሱ የተረፈች ጫት አወጣና ቅጠሉን ለቃቅሞ ጠቀለለበት። እርጥበቱ ወዲያው ሲወጣበት አየሁ።

ደስታው አጠገቤ ተቀመጠ። “ሦስት ቀን ሙሉ በሌብነት ስታማ የከረምኩት ባንተ ሥዕል ነው ማለት ነው?”

“ይቅርታ።”

“ይቅርታህን ተወው። ይልቅ ቁልፉ የማይጣበቀውን ጆይስቲክ ስጠኝ።”

ጠዋት ያጸዳሁትን ሰጠሁት። አውራ ጣቱ ሲጫነው ቁልፉ እዚያው ተጣብቆ ቀረ።