ፊውዙን ማን አወጣው

የአባቴ መኪና ለሦስተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ስታፈላ ወንድም ጋሼ የቤተሰብ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው አምስት ደቂቃ ፈጀ። ቃለ ጉባኤ ባይያዝም ውሳኔው ግልጽ ነበር፤ ጥፋቱ የመኪናዋ ከሆነ ትጠገናለች፣ የነጂው ከሆነ ግን አባዬ ቁልፉን ያስረክባል። አባዬ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። እማዬን በሳምንት ሁለት ቀን ለእግሯ ሕክምና የሚያመላልሳት እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ከቀማነው ምን ይቀረዋል? «እኔ አየዋለሁ» አልኩ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የጎረቤት መኪና፣ የአክስቴን ባል መኪና፣ የሬሳ መኪና ሳይቀር ጠግኛለሁ። የአባቴን መኪና ግን ነክቼ አላውቅም። «ልጄ እኮ በሙያው አንደኛ ናት» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል፤ መኪናዋን የሚወስደው ግን ሌላ ጋራዥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። የእማዬ ቀጠሮ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

«ውሃ ጎድሏት ነው» አለ አባዬ።

«ውሃው ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ሙቀት መለኪያው ነው የሚዋሸው።»

«እንፋሎቱም ይዋሻል?»

አጎንብሶ የራዲያተሩን ክዳን በመሐረብ መጥረግ ጀመረ።

መኪናዋ ስትሮጥ ደህና ናት፤ የምታፈላው መንገድ ሲጨናነቅ ነው። ስትሮጥ ራዲያተሩን ንፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆም ደግሞ ሥራው የኤሌክትሪክ ማራገቢያው ነው። ስለዚህ ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅን። የሙቀት መርፌው ግማሹን አልፎ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ማራገቢያው ንቅንቅ አላለም። አጠፋኋት።

የማራገቢያውን ሶኬት ነቅዬ ከባትሪው በሁለት ሽቦ በቀጥታ ኮረንቲ ስሰጠው ግን ሽው ብሎ ተነሳ።

«ይኸው ይሠራል» አለ አባዬ፣ እሱ የጠገነው ይመስል።

«ማራገቢያው ደህና ነው። ኮረንቲ ነው የማይደርሰው።»

የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አነሳሁ። ከግራ ሦስተኛው የማራገቢያው ነው። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነበር።

«ሌባ!» አለ አባዬ ወዲያው።

«ባትሪውን ትቶ ፊውዝ?»

«ጀማሪ ይሆናላ።» ትንሽ አሰበ። «ወይ ያ መኪና አጣቢ ነው። ፊቱ አላማረኝም ነበር።»

ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ሶኬቱን መልሼ ከቦርሳዬ አዲስ ፊውዝ ሰካሁና ሞተሩን አስነሳሁ። መርፌው ግማሽ ላይ ሲደርስ ማራገቢያው በራሱ ጊዜ ተነሳ። አባዬ ደስ ብሎት «አላልኩሽም?» አለኝ። ምን እንዳለኝ አልጠየቅኩትም።

ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ነቅዬ ከኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ማራገቢያው ግን መዞሩን ቀጠለ። ይህቺ መኪና እንዲህ ናት፤ ሙቀቱ እስኪወርድ ቁልፍ ተነቅሎም ይዞራል።

«አጥፍተሻት የለ እንዴ? ባትሪ ይበላል እኮ!» አለ አባዬ። ገና ገላዬን ስታጠብ መብራት የሚያጠፋብኝ ሰው ነው። የአፉን ሳይጨርስ እጁ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ክዳኑን አነሳ፣ ሳይቆጥር ሦስተኛውን ነቀለና ኮት ኪሱ ከተተው። ማራገቢያው ቆመ።

እጁ ግን ከኪሱ ቶሎ አልወጣም። ሲወጣ መዳፉ ላይ ሁለት ፊውዝ ነበር፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ።

አየኋቸው፤ እሱም አያቸው። ያወጣውን ረስቶ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ሰው ሌባ ብሏል። እንደዚያን ጊዜ አዝኜለት አላውቅም።

የግቢው በር ተከፈተና ወንድም ጋሼ ገባ። አባዬ እጁን ጨበጠ።

«እሺ፣ ምን ሆና ነው?»

«ፊውዝ ነው» አልኩ። «ተቃጥሎ።» በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በፊውዝ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ውሸቷን ነው» አለ አባዬ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

ወንድም ጋሼ ስብሰባ መጥራት ያውቃል እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም። ጫማውን ማየት ጀመረ። አባዬ ቁልፉን ከኮፈኑ ጠርዝ ላይ አነሳና ለእኔ ሰጠኝ፤ ሁለቱንም ፊውዞች ጨምሮ።

አንዱን ቦታው መልሼ ኮፈኑን ዘጋሁ። እማዬ ለብሳ በምርኩዟ ወጣች፣ የሆነውን ሳትጠይቅ ከኋላ ገባች። አባዬ በነጂው በር በኩል ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ በመኪናዋ ፊት ዞሮ በዚያኛው በኩል ገባ። ቀበቶውን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት።

«መስታወቱን አስተካክዪ» አለኝ።

አስተካከልኩ። ሞተሩን አስነሳሁ።

«ስንደርስ» አለ ፊት ለፊት እያየ፣ «በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ።»

«እሺ አባዬ» አልኩት።