ያልጮኸው የበር ደወል

ባለሙያው ከደረጃው ስር ባለችው ጠባብ ቁም ሣጥን ፊት ተንበርክኮ የላፕቶፑን ገመድ ሲሰካ፣ የቤቱ ትልቋ ልጅ ከኋላው ቆማ ሰዓቱን ብቻ እንዲነግራት ጠየቀችው። ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም። ደወሉ በስንት ሰዓት እንደተዘጋ ካወቀች ማን እንደዘጋው ለማወቅ ምስክር አያስፈልጋትም።

«ይህ ሳጥን ሁሉንም ይመዘግባል ብለውኝ ነበር» አለችው።

«ይመዘግባል።»

«እንግዲያው ያንብቡልኝ። ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። እሱ ፊት ወረቀት ይዤ ነው መናገር የምፈልገው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ አባቷ ከአልጋቸው ተነስተው ሸሚዛቸውን ቆለፉና ጫማ ሳያደርጉ የውጭውን በር ከፍተው ወጡ። ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አእምሯቸው መርሳት ከጀመረ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሥራ የረፈደባቸው ይመስላቸዋል። በሩ ሲከፈት በአስታማሚያቸው ክፍል ደወል መጮህ፣ የኮሪደሩም መብራት ቦግ ማለት ነበረበት። ደወሉ አልጮኸም፤ መብራቱም አልበራም። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ድልድዩ አጠገብ፣ በመኪና መንገዱ መሃል፣ ርምጃቸውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ ሲሄዱ አገኛቸው። የግራ እግራቸውን የጠርሙስ ስባሪ ሰንጥቆት ሐኪም ቤት ተሰፋ።

አስታማሚዋ ደወል የሚባል አልሰማሁም አለች። ትልቋ ልጅ ግን ከወር በፊት የተነገራትን አልረሳችም። ደወሉ ነፋስ በሩን በነቀነቀው ቁጥር እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ ብላ አስታማሚዋ አማርራ ነበር። ሁለቱን ነገር አገናኘችና ፍርዷን ጨረሰች። ነገሩ ከሥራ በመውጣት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የቀጠራት ድርጅት በቸልተኝነት ተሰናበተች ብሎ ከመዘገባት ሌላ በሽተኛ የሚሰጣት የለም። ይህን አስታማሚዋ ራሷ ለባለሙያው በሩን ስትከፍትለት በሁለት ቃል ነግራዋለች። አላለቀሰችም። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ባለሙያው ስልሳ ሊሞላው ነው። ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ ከሴት ልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይህን ሥራ ተማረ። ደንበኞቹ «ሽቦ» ይሉታል። ቀጭን ነው፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከሥራ በቀር ወሬ አያውቅም። ሃያ ሁለት ቤት በእጁ አለ።

በቁም ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው የጫማ ካርቶን የሚያክል ጥቁር ማከማቻ ነው፤ አራት ዲስክ ጎን ለጎን ተሰክተውበታል። የቤተሰቡ ፎቶና የሽማግሌው የቅየሳ ካርታ ሁሉ እዚያ ነው። በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ደግሞ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር አለ። አካል የለውም፤ ግን እንደማንኛውም ኮምፒውተር ይነሳል፣ ይሠራል፣ ይታመማል። በሩን የሚጠብቀው፣ ካሜራውን የሚቀዳው፣ ደወሉን የሚያስጮኸው እሱ ነው። የሙያው ሰዎች ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ሽቦ ለደንበኞቹ ሲያስረዳ «ተከራዩ» ነው የሚለው። ሳጥኑ አከራይ፣ እሱ ተከራይ።

ሽቦ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ወደ ሳጥኑ ገባ። ተከራዩን ሰው ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ግራጫ ይሆናል፤ በመዝገቡም ላይ የዘጋው ሰው ስምና ሰዓቱ ይሰፍራል። ምልክቱ ግን ቢጫ ነው። ተከራዩ አልተዘጋም፤ ባለበት ደርቆ ቀርቷል። የቆመው ሽማግሌው ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ቤቱ ሁሉ እራት ላይ ነበር።

የማከማቻውን ልክ አየ። መቶ በመቶ። ጢም ብሏል። ቦታ ሲያልቅ ተከራዩ የሚጽፍበት ያጣል፤ ያኔ ሳጥኑ ራሱ ያቆመዋል። ታዲያ ምን ሞላው? ፎቶው ትንሽ ነው። የካሜራው ቅጂ በአሥር በአሥር ቀን እየተሰረዘ ይሄዳል። ሽቦ አንድ ሌላ ዝርዝር ከፈተ፤ እጁም እዚያው ቆመ።

በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ። ቀኑ የዛሬ ሰባት ወር ነው። ከጎኑ ራሱ የጻፈው ስም ተቀምጧል፦ «ከማደሱ በፊት፤ በሳምንቱ ይሰረዝ።»

ሶፍትዌሩን በአዲስ ከመተካቱ በፊት ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ተከራዩን በዚያች ሰዓት እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ አዲሱ ከተበላሸ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ያ አሮጌ እስካለ ድረስ አይነካም፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ በሌላ ቦታ፣ በላዩ ይከመራል። ለሳምንት ጉዳት የለውም። በሰባት ወር ግን ተከራዩ በአንድ ቤት ፈንታ ሁለት ቤት ይዞ ቁጭ ብሏል።

ሽቦ በዚያ ሳምንት ምን ገጥሞት እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ። ምንም አልገጠመውም። አልታመመም፤ ሰው አልሞተበትም። ረስቶ ነው።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሳጥኑ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ የሚልከውም ለእሱ ነው። ከሃያ ሁለቱ ቤት በየቀኑ ከሚጎርፈው መልእክት መሃል ፈልጎ አገኛቸው። ሰማንያ በመቶ። ዘጠና በመቶ። ዘጠና አምስት በመቶ። ሦስቱም አልተከፈቱም።

«አገኙት?» አለች ትልቋ ልጅ።

«እያየሁ ነው።»

የሳጥኑ የይለፍ ቃል በእሱ እጅ ብቻ ነው። ያቺን መስመር ቢሰርዛት፣ ተከራዩን ቢያስነሳው፣ ማንም ምንም አያውቅም። በዚህ ቤት ውስጥ ማያ ገጹን አንብቦ የሚረዳ ሌላ ሰው የለም። ሽቦ ዋሽቶ የሚያድር ሰው አልነበረም። አሁን ግን ማንንም የማይጎዳ አንድ መልስ አፉ ላይ መጣለት።

«መብራት ተቋርጦ ይመስለኛል» አለ። «ሰው አልነካውም።»

አስታማሚዋን ነፃ አወጣሁ፣ እኔም ተረፍኩ ብሎ አሰበ። ትልቋ ልጅ ጣቷን ከሳጥኑ ስር ወዳለው የመጠባበቂያ ባትሪ ቀሰረች። መብራት ሲቋረጥ ይህ ባትሪ ይጮሃል፣ ጩኸቱም ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል ያላት እሱ ራሱ እንደሆነ አስታወሰችው። አስታማሚዋ የተሰጣት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ ባትሪው ሲጮህ ለእሱ መደወል።

«ደውላልዎታለች?»

«አልደወለችም።»

«እንግዲህ እየሰማች ተኝታለች ማለት ነው» አለች ትልቋ ልጅ። ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የፈለገችው የተገኘላት ሰው ድምፅ ነበር። «እሱን ይጻፉልኝ። መብራት መቋረጡን፣ ባትሪው መጮሁን፣ አለመደወሏን። ወረቀት ላምጣ።» ደረጃውን ወጣች።

ሽቦ ተንበርክኮ ቀረ። ከኋላው የምርኩዝ ድምፅ ሰማ። ሽማግሌው አንድ እግራቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ መጥተው አጠገቡ ቆሙ፤ አስታማሚዋ በብብታቸው ስር ይዛቸዋለች።

«የመለኪያውን ሰንሰለት አመጣኸው?» አሉት። ከቅየሳ ጓዶቻቸው አንዱ መስሏቸዋል።

«አምጥቻለሁ ጌታዬ።»

«ደግ። ግን አንተ ሁልጊዜ ተንበርክከህ ነው የማይህ። ሰው ቆሞ ነው የሚቀይሰው።»

አስታማሚዋ ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። ሽማግሌውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፋሻው እንዳልላላ በጣቷ ዳሰሰች፤ የተዛነፈ የሸሚዝ ቁልፋቸውን ፈትታ እንደገና ቆለፈችላቸው። አንገቷን ሳታቀና ለሽቦ በቀስታ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኔ ይህን ቁም ሣጥን ከፍቼው እንኳ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አላት።

ያኔ ቀና ብላ አየችው። «አውቃለሁ ማለትዎ ምን ማለት ነው?»

ትልቋ ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ከደረጃው ወረደች። ሽቦ ተነሳ። ጉልበቱ ስለደነዘዘ ግድግዳውን ያዘ።

«መብራት አልተቋረጠም» አለ። «ውሸቴን ነው።»

ትልቋ ልጅ ወረቀቱን እንደዘረጋች ቆመች።

«ከሰባት ወር በፊት ስመጣ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር አስቀምጬ ሄድኩ። በሳምንቱ መጥቼ ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁም። ሳጥኑን የሞላው እሱ ነው። ሲሞላ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል፤ አላየሁትም።» ስልኩን ዘረጋላት። «ደወሉን ማንም አልነካም። እሷም አልነካችም። የቆመው በኔ ነው።»

ስልኩን ተቀብላ ሦስቱን መልእክት አንድ በአንድ አየች። ፊቷ አልተለወጠም። ስትናገር ድምጿ ዝግ ብሎ ነበር።

«አባቴ ድልድዩ ድረስ ሄደው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለች። «ያ ሾፌር ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...» አልጨረሰችውም። ወደ አባቷ ዞር ብላ አየቻቸው። ሽማግሌው የፋሻውን ክር እየመዘዙ ነበር። «ቅድም ለምን መብራት ነው አሉኝ?»

«ፈርቼ።»

ይህን ያህል አጭር መልስ የጠበቀች አይመስልም። ሽቦ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈ። ጽሕፈቱ ጥሩ አይደለም፤ አራት መስመር ብቻ ሆነ። ቀኑን አኖረና ፈረመበት። እሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አጥፋ ያዘችው። ደወሉን እንዲያስተካክልና ከዛሬ በኋላ ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችው። እሺ አላት። ልታልፍ ስትል አስታማሚዋ ፊት ትንሽ ቆመች። ይቅርታ ይሆናል ብሎ ሽቦ ጠበቀ።

«ምሳቸው ሰዓቱ አልፏል» አለቻት። «ስጫቸው።»

«እሺ እትዬ።»

ጥገናው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሽቦ በመጀመሪያ የማይፈለገውን ጥሎ ጥቂት ቦታ አስለቀቀ፤ ከዚያ ያቺን መስመር እንድትሰረዝ አዘዘ። ሳጥኑ አሮጌውንና አዲሱን እያዋሃደ ዲስኮቹ ሲንኮሻኮሹ ከፊቱ አልተነሳም፤ ስልክ አላነሳም። ቁጥሩ ከመቶ ወደ ስልሳ አንድ ወረደ። ተከራዩን አስነሳው፤ ምልክቱ አረንጓዴ ሆነ። አስታማሚዋን ጠርቶ የውጭውን በር እንድትከፍት ነገራት። ደወሉ ከክፍሏ ቤቱን አናወጠው፤ የኮሪደሩም መብራት በራ። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ሊነሱ ቃጡ።

«ሰዓት ደረሰ» አሉ።

«ዛሬ እረፍት ነው አባባ» ብላ አስታማሚዋ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ተመልሳ መጥታ ሽቦ ገመዱን ሲጠቀልል ቆማ አየችው።

«ከእንግዲህ ይህን የሚያየው ማነው?» አለችው።

«ሌላ ባለሙያ ይመጣል።»

«እስኪመጣስ? ዛሬ ቢቆም በምን አውቃለሁ? ያን ለት ዝም ማለቱ አይደል ጉድ የሠራኝ። ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ።»

ሽቦ መጠቅለሉን ተወ። ከሃያ ሁለቱ ቤት ለአንዱም የሳጥኑን ቁልፍ፣ የይለፍ ቃሉን፣ ሰጥቶ አያውቅም። ሰው ነካክቶ ያበላሸዋል ይል ነበር፤ እውነት ነው፣ ያበላሻሉ። ደግሞም እንጀራው ነው፤ ቁልፉ በሰው እጅ ከገባ ለእሱ ማን ይደውላል? ከኮሪደሩ አንድ በርጩማ ጎትቶ ከጎኑ አኖረ።

«ነይ ቁጭ በይ» አላት።

«እኔ?»

«ለእትዬሽም እሰጣቸዋለሁ። ሌሊት ከሽማግሌው ጋር የምታድሪው ግን አንቺ ነሽ።»

እጇን በሽርጧ አብሳ ተቀመጠች። ላፕቶፑን መልሶ ከፍቶ፣ በስልኳም ልታያት የምትችለውን አረንጓዴ ምልክት አሳያት፤ ቢጫ ስትሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሰማንያ ከደረሰ ሰው መጥራት እንዳለባት ነገራት። አንድ ጊዜ ደገመችለት፤ ልክ ነበረች። ከዚያ ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ባዶ ገጽ ገነጠለና ከእስክሪብቶ ጋር ሰጣት።

«እርስዎ ይጻፉልኝ፤ የኔ ጽሕፈት አያምርም» አለችው።

«የኔም አያምርም። በራስሽ እጅ ስትጽፊው ነው የሚያዝልሽ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ አጎነበሰች። ሽቦ የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለ ይጠራላት ጀመር።