ያረጀ ርዕስ

በ1990 ዓ.ም. የድሮ ተማሪዬ አበራሽ ለማስተርስ ዲግሪዋ ስለ ቡድን ውይይት ልታጠና ጨንቻ መጣች። እንግሊዝኛ የማስተምርበት ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ኋላ ተቀመጠች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደሚያደርጉት፣ ልጆቹ ያስሸመደድኳቸውን ውይይት እንደ ዳዊት አነበነቡት። እሷም ደስ ብሏት ጻፈች።

ስንወጣ አላስቻለኝም።

«አንዱም የሚናገረው አይገባውም! ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገደል ገብተዋል። ጥናት ከተባለ ይህን አጥኚ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔም እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ግን እሱ ድሮ ተጠንቷል፤ አማካሪዬ ያረጀ ርዕስ አይቀበሉም።»

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ሌላ አጥኚ እንደሚመጣ ነገረኝ። ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁና ያንኑ ውይይት እንደገና ማስሸምደድ ጀመርኩ።