ከእማማ እናናየሁ ጉልበት ፊት

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብተው ብዙም ሳይሄዱ መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። እማማ እናናየሁ ግን ከፊት የተደረደረውን አላዩም። ዓይናቸው እንደ ወትሮው ከጉልበታቸው ፊት በታሰረችው፣ ሰዓት በመሰለችው መለኪያ ላይ ነበር።

"ሦስት ላይ ናት" አሉ፣ "ደህና ናት።"

"እሺ እምዬ" አላቸው መሪውን የያዘው የልጅ ልጃቸው እሱባለው። ከደብረ ብርሃን ከወጡ ወዲህ ስንት ጊዜ እሺ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ቮልሷ የሟች ባላቸው ናት። የጥንቱ የቤንዚን ፓምፕ ሲሞት፣ ጋራዥ ያለው ሽፈራው በባትሪ የሚሠራ አዲስ ፓምፕ ገጠመላት። አዲሱ ደግሞ ጉልበተኛ ሆነና ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጥለቀለቀው። ስለዚህ ግፊቱን የሚቀንስ ሬጉሌተር መሀል መግባት ነበረበት፤ መለኪያዋም ያለችው እሱ ላይ ነው። ሽፈራው ቦታውን አሳያቸው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነውና፣ ከኋላ፣ ለካርቡሬተሩ ቀረብ፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ፣ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ ይታሰራል። እማማ አሻፈረኝ አሉ። እዚያ ከተሸሸገ ማን ያየዋል? እሳቸው ከማያዩት ቦታ ከሆነ ልጃቸው መሪ አይነካም። ሽፈራው ቤንዚን የሚያልፍበት ዕቃ ሰው ከሚቀመጥበት አይገባም እያለ ቢለምን ቢያስለምን፣ ከጋራዡ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ ናቸው፤ ቁጥር ማንበብ ማን ይከለክላቸዋል? ሲመረው ከዳሽቦርዱ ሥር አሰረላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ እሱባለው ሥራ ወደያዘበት ደብረ ሲና ሲወርድ አብረውት ይወርዳሉ፤ አድርሰውት በሚኒባስ ይመለሳሉ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ረዳትህ ዛሬም መጣች ወይ እያሉ ይሥቁበታል። እሱ ምን አፍ አለው? እናቱ ስትሞት በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ዋሻው ውስጥ፣ አንድ የጭነት መኪና ልቅደም ብሎ ሲገባ ከፊት ሌላ መጣበት። እሱባለው ቦታ ሊሰጠው ቀኝ ጥግ ያዘ። የእማማ በር ከግድግዳው ተጣበቀ። በግራ የጭነት መኪናው ጎማ ከእሱባለው መስኮት ክንድ አይርቅም። ከኋላም አውቶቡስ ዘጋቸው። በሩ በየትኛውም ወገን የሚከፈት አልሆነም።

ያን ጊዜ የመለኪያዋ ቀስት ወረደች። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ። እማማ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጫማቸው ረጠበ፤ ሽታው አፍንጫቸውን ሰነፈጠው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

"ቁልፉን አጥፋው" አሉ።

"መብራቱም ይጠፋል እኮ እምዬ።"

"አጥፋው አልኩህ።"

አጠፋው። የፓምፑ ጥዝታ ቆመ፤ ጨለማው ወረደባቸው። ጠብታው ግን አልቆመም። የቤንዚኑ ታንክ ከፊት፣ ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ ፓምፕ ባይገፋውም በራሱ ይወርዳል። በግራ በኩል ከፍ ብሎ የጭነት መኪናው ሾፌር ሲጋራ በከንፈሩ ይዞ ክብሪት ፍለጋ ኪሱን ሲደባብስ በሌላ መኪና መብራት አዩት።

"የኔ ልጅ" አሉት፣ ድምፃቸው እንዳያስደነግጠው አለስልሰው፤ "ቤንዚን እየፈሰሰብን ነውና እሳት አታውጣ።"

ሰውዬው እጁን ከኪሱ ቀስ አድርጎ አወጣ። "ከየት ነው የሚፈሰው እማማ?"

"ከጉልበቴ ላይ። እኔው ነኝ ያሳሰርኩት።"

በዳበሳ ቤንዚን የሚያመጣውን ቱቦ አገኙት። ከሬጉሌተሩ ጋር የሚያያዝበት ማሰሪያ ላልቷል። ቱቦውን ከማሰሪያው በላይ እጥፍ አደረጉት፣ መቀነታቸውን ፈትተው ጠመጠሙበት፣ ከላዩም በጡጫቸው ጨበጡት። ጠብታው ቆመ። ከዚያ እሱባለውን በመስኮት ውጣ አሉት። አንቺን ጥዬ አልወጣም አለ።

"እኔ ከለቀቅሁ ይፈሳል" አሉ። "አንተ ካልወጣህ ደግሞ ማን ይገፋል? ውጣ።"

በጠባቡ ቦታ እየተሽሎከለከ ወጣ። እማማ ብቻቸውን ቀሩ። ሰው ሲጯጯህ፣ አንዱ ወደ ኋላ ሌላው ወደ ፊት ሲል ይሰማቸዋል። መለኪያዋ ከፊታቸው ናት፤ በጨለማው አትታይም። ብትታይስ? መውረዷን ነገረቻቸው እንጂ መች አዳነቻቸው? ክንዳቸው ዛለ፣ ጣታቸው ደነዘዘ፣ ጸሎታቸውም ከአንድ ቃል አላልፍ አለ። ልጁ ውጭ ነው፣ ልጁ ውጭ ነው እያሉ ያዙት።

በመጨረሻ መንገዱ ተላቀቀ። እሱባለውና ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስነሡ ቮልሷን ገፍተው ከዋሻው ውጭ ወዳለው ጉም አወጧት። እሱባለው ማሰሪያውን በመፍቻ አጠበቀና፣ "በቃ እምዬ፣ ልቀቂው" አላቸው። ጣቶቻቸው እምቢ አሉ። አንድ በአንድ እሱ ፈታቸው።

ያን ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ፤ በማግስቱ ሽፈራው ሬጉሌተሩን ወደ ኋላ ወሰደው።  እማማ የሚታሰርበትን የቦዲ ግድግዳ ሞተሩ እንደሞቀ በእጃቸው ዳሰሱና፣ የሚያቃጥል እንዳልሆነ ሲያረጋግጡ እሰረው አሉ። እሱባለው አሁን የሚታይ ነገር ስለሌለ ሰኞ ብቻውን እንደሚሄድ ቀስ አድርጎ ነገራቸው። እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰኞ ጠዋት በሩን ሲከፍት የፊት ወንበር ባዶ ነበር። እማማ ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ተቀምጠዋል።

"ከዚህ ይሰማኛል" አሉ። "በል ንዳ፣ እንዳይረፍድብህ።"