ሽኝት እስከ ጉብሬ

ሰው ወደ ከተማ ሲሄድ የሚያድርበትን ቤት የሚመርጠው በኪሱ ልክ ነው። እኔም በዚያ የሰኔ ወር መጨረሻ ወልቂጤ ላይ ለሁለት ሌሊት ማደሪያ ስፈልግ ኪሴን አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ከኪሴ ይልቅ ያስጨነቀኝ አንድ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት የተናገረኝ ቃል ነበር። ያ ሰው አበራ ይባላል።

አበራና እኔ ቡታጅራ ከተማ ዳር፣ አንድ አጥር ተጋርተን ሃያ ሦስት ዓመት ኖረናል። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ባለቤቱ ትርሲት ለእኛ ቤተሰብ ብቻ የምታስቀምጠው አንድ ድስት ነበራት፤ ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስራበታለች። ሊጋብዙን ሲፈልጉ በጉ ወይም ዶሮው በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ የሚበስለውም በዚያ ድስት ብቻ ነው። እኛም በጾማቸው ቀን ከቤታችን ቅቤ የነካው ነገር አናቀርብላቸውም ነበር። አበራ ጡረታ ሲወጣ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ወልቂጤ ተሻገረ። ድስቱም ከዕቃው ጋር አብሮ ተጫነ።

ከሦስት ዓመት በፊት የትርሲት አባት ባረፉ ጊዜ ለለቅሶ ሄጄ ሳላድር ተመለስሁ። አበራ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝና እጁን በመኪናው መስኮት ላይ ጭኖ እንዲህ አለኝ፦

«ከማሉ፣ ዛሬ ሐዘን ነው፤ አልፌሃለሁ። ከእንግዲህ ወዲያ ወልቂጤ መጥተህ ከእኔ ተደብቀህ ብታድር ግን፣ በሬን ከውጭ እንደቆለፍኸው እቆጥረዋለሁ።»

አበራ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አይደለም።

የመጨረሻዋ ልጃችን ነዒማ ከዩኒቨርሲቲ የምትመረቅበት ቀን ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው ጉብሬ ላይ ነው፤ ከወልቂጤ ወደ እኛ አገር በሚወስደው መንገድ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት። ዓርብ ሄደን እሑድ ልንመለስ አሰብን። ነዒማም እነዚያን ሁለት ሌሊቶች ከእናቷ ጋር ማደር እንደምትፈልግ ስለነገረችን ማደሪያ የምንፈልገው ሦስት ሰዎች ሆንን።

ከመሄዳችን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሽፋ የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ከወልቂጤ ተመልሶ ስለ አበራ ሲያወራ ሰማሁ። ጡረታው አልበቃ ብሎት የፊት ለፊቱን ሁለት ክፍሎች አከራይቷል፤ ለባልና ሚስቱ የቀራቸው አንድ መኝታ ቤትና ሳሎን ብቻ ነው፤ ጉልበቱንም እያመመው በምርኩዝ ይሄዳል አለ። በዚያ ላይ ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ነበር። እኛ ብናርፍበት ትርሲት ራሷ የማትቀምሰውን ሥጋ በጾም ቤቷ ሁለት ቀን ልትሠራልን ነው፤ አበራም አልጋውን ለቆ ምንጣፍ ላይ ሊተኛ ነው። ባድርበት አስቸግረዋለሁ፤ ባላድርበት አጣዋለሁ።

ብዙ አሰብሁ። በመጨረሻ ሦስተኛ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ስልክ ደወልሁና ቅዳሜ ማልደን እንደምንመጣ፣ ከምርቃቱ በኋላ ቤቱ ምሳ በልተን በዚያው ቀን ወደ ቡታጅራ እንደምንመለስ ነገርሁት። አበራም፣ እሺ፣ እንጠብቃችኋለን አለ።

ባለቤቴ ሀሊሜ ስልኩን እስክዘጋ ጠበቀችኝ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ስዋሽ ሰምታኝ አታውቅም።

«የነዒማ አባት፣» አለችኝ፤ «ለአበራ አዝነህ ነው አበራን የምታታልለው?»

ወደ ጓሮ ወጥቼ እንሰቱን ተመለከትሁ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወልቂጤ ስንገባ ዝናብ ያካፋ ነበር። ነዒማ መናኸሪያ ጠበቀችን። በመጀመሪያ የገባነው ከዋናው መንገድ ዳር ወደሚገኝ ባለ ፎቅ ሆቴል ነው፤ ለምርቃቱ ሲባል ዋጋው በእጥፍ መጨመሩን ሰምተን ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ወጣን። ሁለተኛው እጅግ ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሎቹ ከመጠጥ ቤት ጀርባ ስለሆኑ ግድግዳው በሙዚቃው ይንቀጠቀጣል። ሀሊሜ አንሶላውን በሁለት ጣቶቿ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ቀጥላም እኔን አየች። ያንንም ትተን ወጣን።

ሦስተኛው ከገበያው በስተጀርባ ያለ ስድስት ክፍል ያለው ግቢ ነው። ባለቤቱ ዘይባ የምትባል ከስልጤ የመጣች መበለት ናት። ግቢው ተጠርጓል፤ በበርሜል ውኃ አለ፤ ከሶላት በፊት ለውዱእ መታጠቢያ የሚሆን ማሰሮ በየበሩ ተቀምጧል። ሁለት አልጋ ያለውን ክፍል ለአንድ ሌሊት ሰባት መቶ ብር አለችን። ሁለት ሌሊት ስለምናድር ሌሊቱ በስድስት መቶ ሃምሳ ይሁን ብዬ ተከራከርሁ፤ ተስማማች፤ የሁለቱንም ሌሊት ቀድሜ ከፈልሁ። ከዚያም ከየት እንደመጣን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት።

«ወልቂጤ ዘመድ የሌለው የቡታጅራ ሰው ገና ዛሬ አየሁ፣» አለች። «ተጣልታችሁ ነው ወይስ ተደብቃችሁ?»

ዘመድ የለንም አልኋት። ሀሊሜ ሳል ያዛት።

ዘይባ የሰጠችኝ ቁልፍ ከአንድ መዳፍ የሚሰፋ እንጨት ታስሮበታል፤ በእንጨቱ ላይ አራት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ነዒማ ይህን የሚያክል እንጨት ምን እንደሚሠራ ጠየቀቻት። ሰው ቁልፌን ኪሱ ከትቶ እንዳይሄድብኝ ነው፤ ስለሚጎረብጠው አይረሳውም አለቻት። ዘይባ ኪስን ታውቃለች እንጂ እኔን አታውቅም ነበር። በማግስቱ ማለዳ ወደ ጉብሬ ስንጣደፍ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት፤ ከዚያም ረሳሁት።

ምርቃቱ በሰላም ተፈጸመ። የነዒማ ጥቁር ካባ ከታች ጭቃ ነካው፤ እናቷ ጎንበስ ብላ በመሐረቧ ጠረገችላት። የልጄ ስም በድምፅ ማጉያው ሲጠራ ቆሜ ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት ተቀመጡልን ሲሉኝ ነው የተቀመጥሁት።

በሰባት ሰዓት አበራ ቤት ደረስን። በሩ ላይ በምርኩዙ ተደግፎ ቆሞ አገኘነው። «አሰላሙ ዐለይኩም፣» አለን፤ ከእኔ የተማረው ሰላምታ ነው። ነዒማን ግንባሯን ሳማት። ሽፋ የነገረን ሁሉ እውነት ነበር፤ ቤቱ ጠቧል። ገበታው ግን አልጠበበም። ጎረቤታቸው ሰይዶ ማልዶ ያረደው አውራ ዶሮ፣ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ባለው በዚያ ድስት ቀረበልን። አበራና ትርሲት በሌላ ሳህን ቆጮና ጎመናቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

ዝናቡ ኮቴን አርሶት ስለነበር ትርሲት ከላዬ ወሰደችና ከሰሉ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ሰቀለችው። በኪሱ ውስጥ ያለው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። የእንጨቱ ጫፍ ከኪሱ ወጥቶ ይታይ ነበር። አበራ ወደ ወንበሩ ሲመለከት አየሁት። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ የመስቃን በርበሬ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላየውም ብዬ ተጽናናሁ።

ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቻችን፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ፣ በአጥራችን ላይ ስለነበረው የአቮካዶ ዛፍ አወራን። ትርሲት አንድ ጊዜ ለሀሊሜ፣ ዛሬን እንኳ ብታድሩልን ብላ ነበር። ባለቤቷ አላስጨረሳትም።

«ተያቸው። እንመለሳለን ብለዋል። ከማሉ ያለውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።»

እጄን ዘርግቼ ኮቴን ከወንበሩ ላይ ወሰድሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሣሁ። ያሰብሁት በር ላይ ተሰናብተን፣ በጓሮ መንገድ ዞረን ዘይባ ግቢ ልንገባ ነበር። እድሜዬን ሙሉ እንግዳ ስሸኝና ሰው ሲሸኘኝ የኖርሁ ሰው፣ ሽኝት የሚባል ነገር መኖሩን በዚያ ሳምንት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። አበራ ምርኩዙን አነሣ። ጉልበቱን፣ ዝናቡን፣ ጭቃውን እየጠቀስሁ እንዲቀር ለመንሁት።

«በገዛ ጉልበቴ አትዘዝብኝ፣» አለና ቀደመን።

መናኸሪያ ለመድረስ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደብን። እዚያም የቡታጅራውን ሚኒባስ ራሱ መረጠ። ሒሳቡን ለመክፈል እጅ ለእጅ ተያያዝን። እሱ እንዳይከፍል፣ የማልሄድበትን መንገድ ሒሳብ ራሴ ልከፍል እታገል ነበር።

«ፋዘሮች፣ ተረጋጉ፣» አለን ሹፌሩ። «ሁለታችሁም ብትከፍሉ እኔ አልቀየምም።»

አበራ አሸነፈኝ፤ የሦስት ሰው ከፈለ። ከዚያም ሄዶ ያርፋል ብዬ ስጠብቅ መስኮታችን ሥር ቆመ። መኪናው እስኪሞላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ካፊያው ባርኔጣውን እያራሰው፣ የታመመውን እግሩን አንዳንድ ጊዜ ከመሬት እያነሣ ቆየ። ግባ እንጂ ባልሁት ቁጥር፣ ሳትንቀሳቀሱ አልገባም ይለኝ ነበር። መኪናው ሲነሣ ምርኩዙን ከፍ አድርጎ ተሰናበተን።

ከተማውን እንደወጣን ነዒማ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። እናቷ አልሳቀችም። ሻንጣችን ዘይባ ቤት ነው፤ እኛ ግን ወደ ቤታችን እየተጓዝን ነበር።

ጉብሬ ላይ አውርደን አልሁት ሹፌሩን። እስከ ቡታጅራ አልተከፈለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዕቃ ረስተናል አልሁት።

ጉብሬ ስንወርድ ዝናቡ አቁሟል። ወደ ወልቂጤ የሚመለሱት መኪኖች ከመንገዱ ማዶ ይጣራሉ። ሀሊሜ ጥላዋን አጥፋ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን ማንም አያየንም። ዘይባ ቤት ገብተን፣ ነገ ማልደን ብንወጣ አበራ እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም። የመጀመሪያውን አንተ ነህ የመረጥኸው፤ ይህንንም አንተ ምረጥ።»

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ያን ሰው ከአልጋው እንዳላስነሣው ብዬ፣ በታመመ ጉልበቱ ጭቃ አስረግጬው ነበር። ኪራይ ሰብስቦ የሚኖር ጡረተኛ እንዳይቸገርብኝ ብዬ፣ የሦስት ሰው የመኪና ሒሳብ አስከፍዬው ነበር። በዘይባ አልጋ ላይ እንቅልፍ እንደማላገኝ አወቅሁ።

ወደ አበራ ቤት እንሂድ አልኋት። ቀድማኝ መንገዱን ተሻገረች።

አበራን ያገኘነው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እግሩን የሞቀ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነክሯል፤ ትርሲት ጨው ትጨምርበታለች። ሲያየን አልተነሣም፤ ምን ሆናችሁ ተመለሳችሁም አላለን። ቁልፉን ከፊቱ ባለው በርጩማ ላይ አኖርሁት።

«ትናንት ነው የመጣነው። የምናድረው ዘይባ የምትባል ሴት ቤት ነው። ቤትህ መጥበቡን ሰምቼ፣ ጾምም ስለሆነ፣ እንዳላስቸግርህ ብዬ ዋሸሁህ።»

እንጨቱን አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«አራት ቁጥር። ከምሳ በፊት ነው ያየሁት። የዘይባን እንጨት የማላውቅ መሰለህ? ልጄን ስድር አልጋ ያጣሁለትን እንግዳ ሁሉ ያሳደርሁት እሷ ጋ ነው። ብትነግረኝ ራሴ ወስጄ አምስት መቶ አስደርግልህ ነበር።»

«ታዲያ አይተህ ለምን ሸኘኸኝ?»

«እመለሳለሁ አልህ። የሚመለስ እንግዳ ይሸኛል።» ቁልፉን መልሶ አስቀመጠ። «ደግሞም ዓይኔን እያየህ እስከ የት እንደምትደርስ ማወቅ ፈለግሁ።»

«እስከ ጉብሬ፣» አልሁት።

ፊቱ ላይ ሳቅ መጥቶ ተመለሰ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቡታጅራ ደርሰህ ቢሆን ኖሮ ስልክህን ዳግመኛ አላነሣም ነበር አለ። እውነቱን እንደነበር አውቃለሁ።

ትርሲት የሀሊሜን ጥላ ተቀብላ ወደ ውስጥ ስታስገባት፣ ድስቱ ውስጥ ለራት የሚሆን መቅረቱን ስትነግራት ሰማሁ። አንድ ሙሉ አውራ ዶሮ ለሦስት ሰው የአንድ ምሳ ብላ አልሠራችውም ነበር።

የመኝታው ነገር በአጭሩ ተወሰነ። ሦስቱ ሴቶች መኝታ ቤቱን ወሰዱ፤ ለአበራና ለእኔ ሳሎኑ ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። አልጋህን አስለቀቅሁህ ስለው፣ ቤቴን ያጠበበው ተከራይ ነው፤ እንግዳ አይደለም ብሎ ዘጋኝ።

የምሽቱ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ሻንጣውን ለማምጣት ተነሣሁ። አበራ እግሩን አደራርቆ አብሮኝ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ እንዲቀር አልለመንሁትም። ዘይባ በሯ ላይ ሁለታችንን ጎን ለጎን ስታይ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እኚህ አባት ወልቂጤ ዘመድ የለኝም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ዘመድማ አላቸው፣» አለ አበራ። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸኝቷቸው ነበር።»

ዘይባ የሁለተኛውን ሌሊት ግማሽ ሒሳብ መለሰችልኝ፤ ቁልፏንም ተቀበለች። ሻንጣው ሁለት ጆሮ ነበረው። አንዱን እኔ ያዝሁ፤ ሌላውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ለቀቅሁለት። በጉልበቱ ልክ፣ ቀስ እያልን ሄድን።