«ከፋኝ» የማይል ሰው

ደምሰው መናደድ ይችልበታል። ለቡ ካለው የብየዳ ሱቁ እስኪመለስ የሚኒባሱ ረዳት ያናድደዋል፤ ቤት ገብቶ ሽሮው ከቀጠነ ሰሃን ይሰብራል። ከዚያ ስብርባሪውን እየለቀመ ይስቃል። ሚስቱ ፅጌረዳ ንዴቱን አትፈራም፤ ንዴት ይወጣለታል። የምትፈራው «ከፋኝ» የሚለው ቃል ከአፉ አለመውጣቱን ነው። ለእሱ መናደድ የወንድ ነው፣ መከፋት የሕፃን። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው በእናቱ ሲሰድበው «ምንም አልከፋኝም» ብሎ ፈገግ አለ። ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤትየው መንጋጋ በሽቦ ታሰረ።

አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሚሳኤል በእናታቸው ቤት ጉዳይ ተነታርኮ በብየዳ ሱቁ ሠራተኞች ፊት ደምሰውን በጥፊ አጮለው። ሽማግሌ ሲላክበት ደምሰው፣ «ኧረ እኔ ምንም አልከፋኝም፤ እሁድ ይምጣ» አለ። ፈገግም አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። አልከፋኝም ካለ አልከፋውም፣ አለቀ። እነሱ ምን አለባቸው፣ አብረውት አያድሩ።

ቅዳሜ ከሱቅ ሲመለስ ቁራጭ ፌሮ ይዞ ገባና ከሶፋው ኋላ አጋደመው። ፅጌረዳ አየችው። ብትደብቀው ሌላ ያመጣል፤ በያጅ ብረት አያጣም። ሚሳኤልን እንዳይመጣ ብታደርገው ደግሞ ንቆኝ ቀረ ብሎ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይገድለዋል።

እሁድ ከአቦ ቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ሚሳኤልን ይዘው መጡ። ወጉ የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው እግር ላይ እንዲወድቅ ነው። ሚሳኤል ለይስሙላ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ይዟል። ፅጌረዳ በሩ ላይ ነጥቃ ጣለችበትና ከግቢው ንጣፍ የነቀለችውን ሰፊ ጥርብ ድንጋይ አሸከመችው።

«ፅጌ፣ ይሄ'ኮ ከበደኝ።»

«ይክበድህ። አናትህንም ይሸፍንህ። እንዳታወርደው፣ በሞቴ።»

«ልጄ፣ ሰው የገደለ መሰለሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ወጋየሁ።

ሚሳኤል ተንበረከከ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ደምሰው ፈገግ እንዳለ እጁን ወደ ሶፋው ኋላ ሰደደ። ፌሮው ባለ በሌለ ኃይሉ ወረደ። የድንጋዩ ጠርዝ ረገፈ፤ ስንጣሪው የሚሳኤልን ጆሮ ቀደደው። ጋሽ ወጋየሁ ከነወንበራቸው ወደቁ። ደምሰው ደገመ። ሠለሰ። በመጨረሻ ብረቱ ነጥሮ የገዛ መዳፉን ተረተረውና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ፅጌረዳ ሮጣ አነሳችው።

«ከፋኝ» አለ ደምሰው። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «በሠራተኞቼ ፊት መታኸኝ። ከፋኝ፣ ሚሳዬ።» እንባው ከደሙ ጋር መሬቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ሚሳኤል ቀና ለማለት አልደፈረም። «ድንጋዩን ላውርደው?» አለ።

ደምሰው የራሱን እጆች አያቸው።

«ቆይ» አለው። «ገና አልወጣልኝም።»