የዶሪን ግራ ጫማ

እኔና ዶሪን ከልጅነታችን ጀምሮ ሁለት ዓይነት ጫማ ነው የምናደርገው። እኔ ቀይ ሸራ ጫማ እገዛለሁ፣ እሷ ቢጫ ትገዛለች፤ ከጫማ ሱቁ በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንልና ግራ ግራውን እንለዋወጣለን። ስለዚህ የኔ ቀኙ ቀይ፣ ግራው ቢጫ ነው። የሷ ደግሞ በግልባጩ። እግራችን አንድ ቁጥር ነው፤ ስምንት። በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲደርቅ አዲስ እንገዛለን።

ስንጀምረው ትምህርት ቤት ሴቱ ሁሉ ያደርገው ነበር። የልብ ጓደኛ ያላት ልጅ እግሯን አይተህ ታውቃታለህ። ሌሎቹ አገቡ፣ ወለዱ፣ ተዉት። እኛ አልተውንም። ሳገባ ከነጭ ቀሚሴ ሥር ያደረግኩት እሱኑ ነው፤ እናቴ በንዴት አልቅሳለች። ባሌን ሬይን ስንቀብርም ዶሪን አጠገቤ ነበረች። ሁለታችንም ከላይ ጥቁር ለብሰን፣ ከታች አንድ ቀይ አንድ ቢጫ። ቄሱ አየና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

በዚህ ፀደይ ዶሪን ደወለችልኝ።

«በርኒ፣ ጉልበቴ አስቸገረኝ። ሐኪሙ ወፍራም ሶል አድርጊ ብሎኛል። ዘንድሮ ይቅርብን።»

«እንግዲያው እኔም አልገዛም።»

«ኧረ አንቺማ ግዢ!»

«ብቻዬን ገዝቼ ግራውን ለማን ልስጠው? ለድመቷ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የአምናውን ማድረጌን ቀጠልኩ። ቀዩ ሶሉ ተሰንጥቋል፣ ዝናብ ሲሆን ውሃ ያስገባል፤ ስለዚህ የዳቦ ላስቲክ ካልሲዬ ላይ አጠልቅና አስርበታለሁ። ስታን፣ አለቃዬ ማለት ነው፣ ያሾፍብኛል። «በርኒ፣ ጫማሽ ውሃ ይጠጣል እንዴ?» ይለኛል። «ይጠጣል፣ ግን እንዳንተ አይሰክርም» እለዋለሁ።

የምሠራው ወንዙ ዳር ካለው ቦውሊንግ ቤት፣ ሰው ኳስ እያንከባለለ እንጨት ከሚጥልበት፣ ነው። ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ግን ለዚህ ሥራ ትምህርት አያስፈልግም። ሰው ሊጫወት ሲመጣ፣ ዳኛም ይሁን ቆሻሻ ሰብሳቢ፣ ባንኮኒው ላይ ጫማውን አውልቆ ያስረክበኛል። እኔ የቤቱን ልሙጥ ሶል ጫማ እሰጠዋለሁ፣ የሱን ከኋላዬ ካሉት ሳጥኖች በአንዱ አስቀምጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ አልገባም። ዶሪን ይህን ታውቃለች። የዚያን ቀን ግን የሥራ ጓደኛዬ ኮኒ ጎረቤቷን ሆስፒታል ላደርስ ብላ ስለለመነችኝ በሷ ፈንታ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየዘነበ ሰዎች እየተሳሳቁ ገቡ። የመጀመሪያዋ ፀጉሯ በደንብ የተሠራ ቀጭን ሴት ነች። ጫማዋን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ሸራ ነው፤ አዲስ። ቀኙ ሰማያዊ፣ ግራው ቢጫ።

ቢጫውን አነሳሁት። ፊቱ ላይ ባለው ነጭ ጎማ ላይ በእስክሪብቶ የተሣለች ትንሽ ኮከብ አለች። ዶሪን አዲስ ጫማ በገዛች ቁጥር ሻጩ መልስ እስኪሰጣት ድረስ ይህችን ኮከብ ትሥላለች። እኔ እግር ላይ ያለው ቢጫም አለችው።

«ምነው? ይሸታል እንዴ?» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

«አይ። ሁለት ዓይነት ሆነብኝ።»

«ደስ አይልም? የሥራ ባልደረባዬ ናት ያመጣችው። ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ታደርገው ነበር። ምስኪን፣ ጓደኛዋ ሞተችባት።»

«ሞተች?»

«በበረዶው ሰሞን። ስትነግረን ቢሮው በሙሉ ነው ያለቀሰው። እንግዲህ እኔ ልተካልሽ አልኳት።»

«በምን ሞተች?»

«ኧረ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል! በጣም ይከብዳታል።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ምን ልበል? «ስንት ቁጥር ነሽ?»

«ስምንት።»

ታዲያ ስንት ሊሆን ነበር። ስምንት ቁጥር ሰጠኋት።

ዶሪን መኪና አቁማ ከሁሉም በኋላ ገባች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከድልድዩ ማዶ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። እዚያ ከገባች ጀምሮ ድምጿ ለስልሷል፤ ጥሩ ሥራ አገኘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እግሯን አየሁ። ቀኙ ቢጫ፣ ግራው ሰማያዊ። ወፍራም ሶል የሚባል ነገር የለም።

ቀና ስትል እኔን አየችኝ።

«በርኒ። ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ሙታን የሚሠሩት ሐሙስ ሐሙስ ነው።»

ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። «ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ጫማሽን አውልቂ።»

«በርኒ፣ ስሚኝ…»

«የቤቱ ሕግ ነው። በውጭ ጫማ መጫወት ክልክል ነው።»

ጎንበስ ብላ አወለቀችው።

«ጉልበትሽስ ተሻለሽ?» አልኳት።

«ምን ላድርግ?» አለች በሹክሹክታ። «ስለ ጫማው አጫወትኳቸው፣ ወደዱት። ጓደኛሽን አምጪያት እንያት ይሉኝ ጀመር። ያቺ ፊት የገባችው ማርሊስ እራት ስትጠራን እሷንም ይዘሽ ነይ አለችኝ። ባሏ የጥርስ ሐኪሙ ራሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሁም?»

«አንቺን አውቅሻለሁ። አፍሽ አያርፍም። ሰው ፊት ትስቂያለሽ፣ ትሳደቢያለሽ፣ በዳቦ ላስቲክ እግርሽን አስረሽ ትመጫለሽ…»

«ላስቲኩን ያሰርኩት በማን ምክንያት ነው?»

«አንድ ቀን ጨቀጨቁኝና ሞታለች አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ። አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

«አምልጦሽ ነው የገደልሽኝ?»

«ለማርሊስ አትንገሪያት፣ የኔ እናት። በሞቴ። ነገ እደውላለሁ፣ ሁሉንም እናወራዋለን።»

«ዶሪን!» አለች ማርሊስ ከወዲያ። «ተራሽ ደረሰ!»

የኪራዩን ጫማ ይዛ ሄደች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ የተናገረችው ነገር አልነበረም መጀመሪያ የመጣብኝ። የመጣብኝ አግዳሚዋ ናት። ያቺው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ነው የተለዋወጡት? ወይስ ሌላ ቦታ? ሳልጠይቃት ቀረሁ፤ እስከ አሁንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ባንኮኒው ከፍ ያለ ስለሆነ እግሬን ማንም አያይም። ከዚያ ካልወጣሁ ሟቿ እንደሞተች ትቀራለች። ዶሪን ኳሷን ትለቅቃለች፣ እንጨቶቹ ይወድቃሉ፣ እነሱ ያጨበጭቡላታል፣ እሷ ዞር ብላ እኔን ታያለች። ጨዋታው እስኪያልቅ እንዲሁ ነበርን።

ሲጨርሱ ሰዎች ወደ ባንኮኒው ነው የሚመጡት። እኔ ግን የሁለቱን ጫማ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ ስታን።

«ላደርስላቸው።»

«አንቺ? ለሰው ጫማ አድርሰሽ ታውቂያለሽ?»

የዶሪንን አቀበልኳት፣ የማርሊስን እግሯ ሥር አስቀመጥኩላት። ልታነሳ ጎንበስ ስትል የኔን አየች። ቀዩን አየች፤ ከላዩ ብቅ ያለውን ላስቲክ አየች፤ ቢጫውን አየች። ኮከቧ ብትደበዝዝም ትለያለች። የራሷን ኮከብ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

«ይቅርታ፣ ስምሽ ማን ነበር?»

«በርኒስ።»

ወደ ዶሪን ዞረች። «ዶሪን፣ ያቺ ጓደኛሽም በርኒስ አልነበረም እንዴ ስሟ?»

ዶሪን ጫማዋን ታስራለች። እኔ ጠበቅኳት። የፈለግኩት አንዲት ቃል ናት። «ይህችው ናት» ብትል ሌላው ሁሉ ይቀር ነበር፤ ውሸቱንም፣ ጉልበቱንም፣ እራቱንም እተውላት ነበር። በኋላ ቤት ስንገባ እሰድባታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ያልቃል። ማሰሪያውን አስራ ፈታችው። እንደገና አሰረችው።

«በኋላ እነግርሻለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ነይ እንሂድ።»

ከጎኗ ተቀመጥኩ። ግራ ጫማዬን አወለቅኩና ጭኗ ላይ አኖርኩት።

«የሟች ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል» አልኳት።

በአንድ ካልሲ ወደ ባንኮኒዬ ተመለስኩ። ስታን እግሬን አየና አፉን ከፈተ።

«ስምንት ቁጥር ስጠኝ» አልኩት። «ግራውን ብቻ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ብቻዬን ሱቅ ሄጄ ቀይ ገዛሁ። ሁለቱም ቀይ። አግዳሚዋ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ አጠለቅኩት። ውሃ አያስገባም፣ ምንም አይልም፤ ግን ግራ እግሬን ባየሁ ቁጥር የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል።

ስመለስ ደጃፌ ላይ ደረጃው ላይ የላስቲክ ከረጢት ተቀምጧል። ከፈትኩት። ከአምናው ጥንድ ዶሪን ጋ የነበረው ቀዩ ግራ ጫማ ነው፤ አጥባዋለች፣ ማሰሪያውን ሳይቀር አንጽታዋለች። መልሼ አሰርኩትና እዚያው ተውኩት። ስልኩ ይጮሃል፣ አላነሳም። እህቴ «እሷ እኮ ናት፣ በርኒ፣ የስንት ዘመን ሰው!» ትለኛለች። አውቃለሁ የስንት ዘመን እንደሆነች።

ከረጢቱን ዝናብ መታው። አንድ ቀን ፖስተኛው በእግሩ ገፋ አድርጎ «ይሄ ያንቺ አይደለም?» አለኝ።

«የዚህ ቤት ሴትዮ ሞታለች» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ደብዳቤዬን ሰጥቶኝ ሄደ።

ከረጢቱ አሁንም እዚያው ነው። ጠዋት ስወጣ እሻገረዋለሁ፣ ማታ ስገባ እሻገረዋለሁ።